አንዱ በስምንት ወር አማርኛ ለመደ፣ ሌላው በሦስት ዓመት አልተናገረም። ለምን?

የቱሉዲምቱዋ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ተከራዮቼ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። የሚማሩት አንድ ኮሌጅ ነው። ሁለቱም ጎበዝ፣ ሁለቱም ጨዋ።

ታናሹ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ጉልት ወርዶ ሽንኩርት ተከራክሮ ይገዛል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲል ከሰፈር ልጅ አትለዩትም። ባለሱቁን «ዱቤ ጻፍልኝ» ይለዋል። ትልቁ ግን ሦስት ዓመቱ ነው። ከ«ሰላም» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የሆነ ነገር ሲፈልግ ታናሹን ይልከዋል።

ሰነፍ ነው እንዳልል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራቱ በርቶ አየዋለሁ። ንቆን ነው እንዳልል፣ ውሃ በመጣ ቀን ሳልጠይቀው ጀሪካኔን ሞልቶ በሬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ታዲያ ምንድን ነው? ሰው በሰው አገር ሲኖር ቋንቋውን እንዲማር የሚገፋው ምንድን ነው? ውጭ የተማራችሁ፣ ወይም የምታስተምሩ፣ እስቲ ንገሩኝ። ሊመረቅ አንድ ዓመት ነው የቀረው። በደንብ ሳንተዋወቅ ሊሄድ ነው።

ዱከም_ተርጓሚ | ሰኞ ማታ 3፡15

እህቴ፣ መልሱ ሩቅ አይመስለኝም። የእኛ አገር ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ደቡብ ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ያደረገችው እንግሊዝኛን ነው። ልጁ ክፍል ገብቶ፣ ተፈትኖ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ጽፎ እስኪመረቅ አንድ የአማርኛ ቃል አያስፈልገውም። ካላስፈለገ ማን ይማራል?

እኔ ቻይና ነው የተማርኩት። ማስተርሴ በእንግሊዝኛ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ምግብ ያዘዝኩት በጣቴ እየጠቆምኩ ነው። አንድ ቀን አገር ቤት ስደውል ጓደኛዬ «ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ቻይንኛ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ» አለኝ። በቃ፣ ነቃሁ። ኤችኤስኬ የሚባል የቋንቋ ፈተና አላቸው። ያኔ ስድስት ደረጃ ነበረው። ሦስተኛው 600 ቃል፣ አራተኛው 1,200 ቃል ይፈልጋል። ቃላቱን በካርቶን ቆራርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። አውቶቡስ ላይ አንድ፣ የካፌ ሰልፍ ላይ ሁለት። ከመመረቄ በፊት አራተኛውን አለፍኩ። ዛሬ ልጆቼ የሚበሉት እንጀራ ከዚያ ካርቶን የወጣ ነው። የገፋኝ ሥራ ነው። ለልጁም ጥቅሙን አሳዪው፣ ይናገራል።

ሰሚት_ኳስ | ሰኞ ማታ 3፡22

ታናሹ ኳስ ይጫወታል አይደል? እኛ ሜዳ እሁድ ጠዋት የሚመጡ አራት የውጭ ተማሪዎች አሉ። «አቀብል»፣ «ሰው አለብህ»፣ «ተመለስ» ማለትን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም። ካልጮህክ ኳስ አይደርስህም።

የቱሉዲምቱዋ | ሰኞ ማታ 3፡30

አዎ፣ ታናሹ ይጫወታል። ትልቁ ከሜዳ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው።

አንካራ_ደርሶ_መልስ | ሰኞ ማታ 4፡05

ዱከም፣ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እኔ በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው የሄድኩት። እዚያ የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው። በቱርክኛ ለመማር ሲ1 የሚባለው ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ ላይ መድረስ አለብህ። ከዚህ የበለጠ ግዴታ የት አለ? እኔም አለፍኩ፣ የክፍል ጓደኞቼም አለፉ። ወረቀቱን ይዘው ግን ከአንድ ቱርካዊ ጋር አምስት ደቂቃ የማያወሩ ነበሩ። ከአገራቸው ልጆች ጋር ይበላሉ፣ ከአገራቸው ልጆች ጋር ያጠናሉ፣ ይተኛሉ።

ቱርክኛ ለእኛ መጥፎ አይደለም። ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «እኔ ዳቦ ገዛሁ» ብለህ በአማርኛ እንዳሰብከው ቃሉን ብቻ እየቀየርክ ትሄዳለህ። አውሮፓውያኑ የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ሲቸገሩ እኔ ቀልሎኝ ነበር። መናገሩ ግን አልቀለለኝም። አፍር ነበር።

አፌን የፈታችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ከዶርማችን ታች ትንሽ ሱቅ ነበራት። ዚፕ ላስቀይር ሄድኩ። ቁጭ በይ አለችኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። «ክዙም» ትለኛለች፤ ልጄ ማለት ነው። አንድ ነገር ልናገር ስጀምር መርፌዋን ታስቀምጣለች። ቃሉ ይጠፋኛል። እሷ አትሞላልኝም። ሻይዋን እያማሰለች ትጠብቀኛለች። አንዳንዴ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። ከዚያ በኋላ የሚሰፋ ነገር ሳይኖረኝም መሄድ ጀመርኩ። በሯ ላይ ስደርስ «ኮላይ ገልሲን» እላታለሁ። ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ነው፣ እኛ «ሥራ ይቅናህ» እንደምንለው። ይህን ሐረግ ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ለእሷ ስለው ነው።

ጋሽ_ሀቫና | ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ልጆች፣ እኔ ስለ ፈተናም ስለ ሥራም አላውቅም። በ1970ዎቹ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው ያደግነው። በፊት የጥድ ደሴት ይባል ነበር። ስሙ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያም ልጆች መጥተው ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ ላይ እንሠራለን።

እናት አባት የሌለው ልጅ ቋንቋ ለምን ይማራል? የመጀመሪያዋ የስፓኒሽ አረፍተ ነገሬ «ሜ ዱኤሌ» ናት። አመመኝ ማለት ነው። ሌሊት ጥርሴን ሲነዝረኝ ለተረኛዋ ሴት ያልኳት ነው። በእንባዬ ብቻ ብጠይቃት ሆዴን ልትይዝልኝ ነበር። ቃሉን ሳገኝ ጉንጬን ያዘችልኝ።

ሁለተኛ ነገር ልንገራችሁ። ጎኔ የሚተኛ የአንጎላ ልጅ ነበር። እሱ ፖርቱጋልኛ፣ እኔ አማርኛ። የተጣላነውም የታረቅነውም በስፓኒሽ ነው። ቋንቋው የኩባዎቹ ብቻ አልነበረም፣ የእኛ የሁለታችንም ነበር። ይኸው ሽማግሌ ሆኜ፣ እዚህ አቃቂ ቁጭ ብዬ፣ ገንዘብ ስቆጥር በሆዴ የምቆጥረው በስፓኒሽ ነው።

አንካራ_ደርሶ_መልስ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡25

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የጉንጩ ነገር ልቤን ነካው።

መምህርት_ቃሊቲ | ማክሰኞ ማታ 1፡50

ለውጭ ሰዎች አማርኛ ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው። ጥያቄሽ የሁልጊዜ ጥያቄዬ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም፣ ይቅርታ።

በትምህርቱ ዓለም ይህ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት ሮበርት ጋርድነርና ዋላስ ላምበርት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሞንትሪያል ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን አጥንተው ጻፉ። ሁለት ዓይነት ፍላጎት ለዩ። አንዱ የጥቅም ነው፤ ሥራ፣ ውጤት፣ ወረቀት። ዱከም የነገረን ነው። ሌላው ቋንቋውን ከሚናገሩት ሰዎች ጋር መቀራረብ መፈለግ ነው። የልብስ ሰፊዋ ታሪክ ይህ ነው። እዚያ ጥናት ላይ ሁለተኛው ፍላጎት ያላቸው ልጆች በልጠው ተገኙ።

ለረጅም ጊዜ እኔም በዚህ አምኜ ነው ያስተማርኩት። ያልተማረ ተማሪ ሲያጋጥመኝ «ፍላጎት የለውም» እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ቦኒ ኖርተን የምትባል ተመራማሪ ወደ ካናዳ የገቡ ስደተኛ ሴቶችን ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈችው አለ። ሴቶቹ እንግሊዝኛ ለመማር ፍላጎት ሞልቷቸዋል። ግን ሥራ ቦታ የሚያናግራቸው የለም። መቼ እንደሚናገሩ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «ፍላጎት አላት ወይስ የላትም» ብሎ መጠየቅ አይበቃም ብላ ተከራከረች። ይህን ሳነብ ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ፊቴ መጡ።

የአማርኛ ችግሩ የት እንደሆነ ላሳያችሁ። ሰው ሁሉ ፊደሉ የሚያስፈራቸው ይመስለዋል። 33 በ7፣ 231 ፊደል። የሚተጋ ተማሪ ግን በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው ፊደሉ የማያሳየው ነገር ነው፣ ማጥበቅና ማላላት። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው። ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ነው፣ «ወራጅ አለ» እንደሚባለው። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ አንዱ ያልደረሰ ነገር፣ አንዱ በዓል ነው። አጻጻፉ አንድ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አታገኘውም። ከሰው አፍ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሰውስ? ተማሪዬ ክፍል የለመደውን ይዞ ሱቅ ይሄዳል። «እንቁላል ስንት ነው?» ይላል፣ አጥርቶ። ባለሱቁ «ትዌንቲ ብር» ብሎ ይመልስለታል። ክፋት አይደለም፣ እንግዳ ማክበር ነው። ግን ልጁ ያዘጋጃት ሁለተኛ አረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ትቀራለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ወር እንዲህ ሲሆን መናገሩን ይተዋል። በአካል የማውቃቸው ሦስት ተማሪዎች በዚህ ምክንያት አቁመዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቅር አይበልሽ። ትልቁን ልጅ አንቺ በምን ቋንቋ ነው የምታናግሪው?

ዱከም_ተርጓሚ | ማክሰኞ ማታ 2፡10

መምህርት፣ አክብሬ ነው የምቃወምሽ። እኔን ማንም ሻይ አልቀዳልኝም። ፍቅር አልነበረኝም ያኔ፣ ተቸግሬ ነበር። ችግርም እኮ ያስተምራል። የድሃ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ለመቀራረብ ብቻ ነው ማለት የእኛን ልፋት ማሳነስ ይመስለኛል።

መምህርት_ቃሊቲ | ማክሰኞ ማታ 2፡25

ልክ ነህ ወንድሜ፣ እቀበልሃለሁ። እነዚያው ሁለት ሰዎች በኋላ ፊሊፒንስ ላይ እንግሊዝኛ የሚማሩትን ሲያጠኑ የጥቅም ፍላጎት እዚያ በጣም ጠንካራ ሆኖ አግኝተውታል። ቋንቋው የእንጀራ በር በሆነበት አገር እንጀራ ይገፋል። ግን አንድ ነገር አስተውል፤ ለዚህ ልጅ አማርኛ የእንጀራ በር አይደለም። ተመርቆ ወደ ጁባ ይመለሳል። ያንተ ካርቶን እሱ ጋ የለም።

ዱከም_ተርጓሚ | ማክሰኞ ማታ 2፡31

እሱን አላሰብኩትም። እውነትሽን ነው።

የገላን_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡00

ሁላችሁም አማርኛ አማርኛ ትላላችሁ። እኔ ገላን ነው የምኖረው። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት እኛም ኮዬ ፈጬም ውስጡ ገባን። እኛ ጋ ቀበሌ ብትሄድ ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከከተማው ዳር የሚኖር የውጭ ተማሪ የትኛውን ቋንቋ ይማር? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጠዋት ኮሌጅ በእንግሊዝኛ፣ ታክሲ ውስጥ በአማርኛ፣ ማታ የአከራይ ቤት በኦሮምኛ።

እኛ ግቢ የጅቡቲ ልጅ ተከራይቶ ነበር። አፉን የፈታው በሱማሊኛ ነው። ሱማሊኛም አፋን ኦሮሞም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በመጣ በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ያሉትን ሰሌዳዎች ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ትርጉሙን አያውቅም፣ ግን ያነባል። አራት በእሱ «አፈር» ነው፣ በእኛ «አፉር»። አምስት በሁለቱም «ሸን» ነው። ይህን ሲያገኝ ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ቃል እያነሳ «ይሄስ በእናንተ ምንድን ነው?» ይለኝ ነበር።

አያቴ አማርኛ አይሰሙም። ማታ ማታ እሳቸው ዘንድ እየሄደ ቁጭ ይላል። እሳቸው ስለ ላሞቹ ያወራሉ። እሱም አያቱ ግመል እንዳላቸው በእጁም በቃልም ይነግራቸዋል። በዓመቱ አያቴ ከእኛ ይልቅ እሱን ነበር የሚጠሩት። አማርኛውን ግን አልለመደም። ሰው አልተማረም ስንል የትኛውን እንዳልተማረ እንጠይቅ ለማለት ነው።

የቱሉዲምቱዋ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

መምህርት፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ እያሰብኩበት ነው። እውነቱን ልናገር። ትልቁን የማናግረው በእንግሊዝኛ ነው። ያውም ትንሽ በማውቃት። ሲመጣ ታላቅ ነው፣ የተማረ ነው ብዬ ላከብረው ነበር። ከዚያ ታናሹ ሲመጣ እሱን ማናገር ቀለለኝ። አሁን ለትልቁ ነገር ሲኖረኝ «ለወንድምህ ንገርልኝ» እላለሁ። እሱ እዚያው ቆሞ እያለ። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።

ነጭ_ዓባይ | ረቡዕ ጠዋት 12፡45

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የውጭ ተማሪ ነኝ። ከደቡብ ሱዳን ነኝ። እዚህ አራት ዓመት ሆነኝ። የጽሑፍ ስሕተት ካለ ታገሡኝ።

እናቴ (የቤቱን ባለቤት ነው)፣ ልጁን አላውቀውም። ግን የማውቀው ይመስለኛል።

እኔ ስመጣ ፈተና «ሦስት ሰዓት» ነው አሉኝ። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። ሰዓታችሁ ከጠዋት አንድ ብሎ እንደሚጀምር የነገረችኝ እሷ ናት፣ በጣቷ እየቆጠረች። ያን ቀን ቁጥር ተማርኩ። ይህ ፍላጎት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ፍርሃትም ያስተምራል፣ ግን እስከ ቁጥር ድረስ ብቻ።

ከዚያ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ለአንዲት ትልቅ ሴት ቦታ ለቀቅኩ። «ና፣ ተቀመጥ» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ በደግነት። ነገር ግን እኔ ሁለት ወር ምንም አልተናገርኩም። «ይምጡ፣ ይቀመጡ» መባል እንዳለበት አሁን አውቃለሁ። በአረብኛ ቀልድ እችላለሁ። በእንግሊዝኛ እከራከራለሁ። በእናቴ ቋንቋ ሽማግሌ ፊት መቆም እችላለሁ። በአማርኛ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለታናሽ ይህ ቀላል ነው። ታላቅ ሰው ግን ታናሹ ፊት ልጅ መሆን ይከብደዋል።

እኔን ያወጣኝ እህቴ ታማ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ነው። የት እንዳመማት አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አውቃለሁ። የተናገረው ግን ጎረቤታችን ነው። እሱ ደግሞ ቀኑን ተሳሳተ። እኔ እሰማ ነበር፣ ስሕተቱን አወቅሁ፣ ማረም አልቻልኩም። ቤት ስገባ እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩ፦ ስለ እህቴ ሌላ ሰው አይናገርም።

ልጁ ምናልባት ሁሉን ይሰማል። ታናሹን አይላኩበት። ይጠብቁት።

ጋሽ_ሀቫና | ረቡዕ ጠዋት 1፡05

ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ ልጨብጠው። «ሜ ዱኤሌ» ያልኩትን አንተ ለእህትህ ነው ያልከው።

ሰሚት_ኳስ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ታላቅየውን እሁድ ለዳኝነት ጥሩት። ፊሽካ ይዞ «ውጭ ነው» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የቱሉዲምቱዋ | እሁድ ማታ 1፡15

ተመለስኩ። ዳኝነቱን ታናሹ ነገረው፣ ለሚቀጥለው እሁድ አለ። የዛሬውን ልንገራችሁ።

ቡና አፈላሁ። ሁለቱንም ጠራሁ። ትልቁ በሬ ላይ መጥቶ እንደ ልማዱ ሊቆም ሲል «ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት፣ በአማርኛ። ተቀመጠ። ቄጠማውን በእግሩ እንዳይረግጥ ዞሮ ነው የገባው። ሁለተኛውን ስኒ ስሰጠው «እናትህ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀስ ብዬ፣ እያየሁት።

ዝም አለ። ታናሹ አፉን ሲከፍት እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ። እሱም ገባው፣ ዝም አለ። ጀበናው ከሰሉ ላይ ሲንተከተክ ይሰማኝ ነበር። ስኒውን ሁለት ጊዜ አዞረው። ልብሴ ላይ ላብ መጣ፣ ላቋርጠው ደርሼ ነበር።

«እናቴ ዓሣ ትሸጣለች» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ጠዋት፣ በጣም ጠዋት ትነሣለች። እንደ አንቺ» አለኝ።

«አንቺ» አለኝ። «እርስዎ» ማለት እንዳለበት ታናሹ ሊያርመው ዞረ። ተወው አልኩት። ልጆቼም አንቺ ነው የሚሉኝ።

መምህርት_ቃሊቲ | እሁድ ማታ 1፡40

ደግ አደረግሽ። ዓሣው ትኩስ ነው ወይስ ደረቅ? ይህን ጠይቂው፣ ሁለቱን ቃላት ይፈልጋል።

የቱሉዲምቱዋ | እሁድ ማታ 1፡44

አልጠየቅሁትም። ነገ ጠዋት ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ እጠይቀዋለሁ።